አጀንዳውን ተሳታፊው የሚቀርጸው ጉባኤ ለወሎ የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ያለው ፋይዳ

በአገራችን የተለመደው የባለሙያዎች ጉባኤ ቅደም ተከተል ለማንም እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ይተላለፋል። ቀጥሎም የክብር እንግዳው የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ። ከዚያም ቀደም ሲል የተመረጡ ሦስት ወይም አራት ጥናታዊ ጽሑፎች ይቀርባሉ። በመጨረሻም ጊዜ ከተረፈ ከተሳታፊዎች ጥያቄና አስተያየት ይወሰዳል። ብዙ ጊዜ ግን ሰዓቱ ስለሚጣበብ የመድረክ መሪው ሦስት ጥያቄ ብቻ ተቀብለው ውይይቱን ለመዝጋት ይገደዳሉ።

በዚህ አሠራር አንድ መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ የሚናገሩት ከአሥር አይበልጡም። ቀሪዎቹ ዘጠና ሰዎች ያካበቱት የሥራ ልምድ ሳይነገር ይመለሳል። ተሳታፊዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁትና ስለ እውነተኛ የሥራ ችግሮቻቸው የሚነጋገሩት በአብዛኛው በሻይ ዕረፍት ሰዓት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በዓለም ዙሪያ በተለይም በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት ሙያ በተሰማሩ ሰዎች ዘንድ ሥራ ላይ የዋለ ሌላ ዓይነት የስብሰባ ስልት አለ። በውጭ አጠራሩ «አንኮንፈረንስ» ይባላል። በዚህ ጉባኤ ቀድሞ የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ የተመረጠ ተናጋሪም ሆነ የክብር መቀመጫ የለም። የውይይት ርዕሶቹን የሚያቀርቡት፣ ጊዜና ቦታ የሚመድቡላቸውና ውይይቱን የሚመሩት በዕለቱ የተገኙት ተሳታፊዎች ራሳቸው ናቸው። አዘጋጁ ሰዓት፣ ቦታና አጠቃላይ ጭብጥ ከመወሰን ያለፈ ሚና አይኖረውም።

ከሻይ ዕረፍት የተገኘ ትምህርት

የዚህ ስልት መነሻ ከአሜሪካዊው ሃሪሰን ኦዌን ጋር የተያያዘ ነው። ኦዌን እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ድርጅቶች ለውጥ የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለማዘጋጀት አንድ ዓመት ያህል ደከሙ። ጉባኤው ሲጠናቀቅ ግን እሳቸውም ሆኑ ተሳታፊዎቹ ከሁሉ የላቀ ጥቅም ያገኙት በሻይና ቡና ዕረፍት ጊዜ እንደነበር ተስማሙ። አንድ ዓመት የተለፋበት ፕሮግራም ማንም ካላቀደው ዕረፍት ያነሰ ጥቅም መስጠቱ ለሳቸው ትልቅ ጥያቄ ሆነባቸው።

መልሱን ያገኙት በአፍሪካ ነው። ኦዌን ቀደም ሲል በላይቤሪያ ገጠራማ ክፍል በምትገኝ ባላማ በተባለች መንደር የወጣቶች የመሸጋገሪያ ሥርዓት ሲከበር ተመልክተው ነበር። ሥርዓቱ ለቀናት ሲካሄድ አንድም የዝግጅት ኮሚቴ አልነበረውም። መንደርተኛው በክብ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሁሉ በሥርዓቱ ይከናወናል። ኦዌን ከዚህ በመነሳት እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ ግዛት ሞንቴሬይ በተካሄደው ተመሳሳይ ጉባኤ ላይ ሰማንያ አምስት ያህል ተሳታፊዎችን በክብ አስቀምጠው አጀንዳውን ራሳቸው እንዲቀርጹ አደረጉ። ስልቱም «ኦፕን ስፔስ» ተብሎ ተጠራ። ሦስቱ ዋነኛ መሣሪያዎቹ ክብ አቀማመጥ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የመንደር ገበያ ናቸው።

የገበያው ምሳሌ ለወሎ አንባቢ የሚከብድ አይሆንም። ሰኞ በሚውለው የባቲ ገበያ ከደጋም ከቆላም የሚመጣው ሕዝብ ማንም ወንበር ሳይመድብለት ሻጩ በየተራው ይቀመጣል፣ ገዢውም የሚፈልገውን ወዳለበት ያመራል። የከብት ፈላጊ ከእህል ተራ አይቆምም። ኦዌን የጠየቁት ስብሰባም ይህንኑ መምሰል ይችል እንደሆነ ነበር።

የስልቱ መመሪያዎች ጥቂት ናቸው። የመጡት ሰዎች ትክክለኛዎቹ ሰዎች ናቸው፤ የመጣው ቁጥር ማነሱ አያሳስብም። ውይይቱ በጀመረበት ሰዓት ጀመረ፣ ሲያበቃም አበቃ፤ ሐሳቡ ካለቀ ሰዓት ለመሙላት ብቻ መቀጠል አያስፈልግም። ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው «የሁለት እግር ሕግ» የሚባለው ነው። ይህም በአንድ ውይይት ላይ የማይማርም የማያስተምርም መሆኑን የተረዳ ተሳታፊ ያለ ይሉኝታ ተነስቶ ወደሚጠቅመው ክብ መሄድ አለበት ማለት ነው።

ወደ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች መንደር

ስልቱ በቴክኖሎጂው ዘርፍ በስፋት የታወቀው ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የኮምፒዩተር መጻሕፍት አሳታሚው ቲም ኦራይሊ እ.ኤ.አ. በ2003 በካሊፎርኒያ «ፉ ካምፕ» የተሰኘ ጉባኤ ማካሄድ ጀመሩ። አጀንዳው በተሳታፊዎች የሚቀረጽ ቢሆንም የሚገቡት የተጋበዙ ብቻ ነበሩ። ጥሪ ያልደረሳቸው ወጣት ባለሙያዎች በበኩላቸው በነሐሴ ወር 2005 እ.ኤ.አ. በፓሎ አልቶ ከተማ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ቢሮ ውስጥ ለማንም ክፍት የሆነ «ባርካምፕ» የተሰኘ ጉባኤ አደረጉ። ዝግጅቱ የወሰደው አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆን ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ተገኝተውበታል። «ፉ» እና «ባር» ፕሮግራመሮች ለልምምድ የሚጠቀሙባቸው ትርጉም አልባ መጠሪያዎች በመሆናቸው ስያሜው ቀልድ አዘል ምላሽ ነበር።

የባርካምፕ ዋነኛ ደንብ ተመልካች የለም የሚለው ነው። የመጣ ሁሉ ርዕስ ያቀርባል፣ ወይም በውይይት ይሳተፋል፣ ወይም ማስታወሻ ይይዛል፣ ወይም ወንበር ያነሳል። ይህ ቀላል ደንብ ጉባኤውን ያለ ብዙ ወጪ በማንኛውም ከተማ ለማካሄድ አስችሎታል። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓና እስያ የተሸጋገረ ሲሆን በምያንማር ያንጎን እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ጉባኤ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። በወቅቱ በዚያች አገር ኢንተርኔት የሚያገኘው ሕዝብ እጅግ ጥቂት እንደነበር ሲታሰብ ቁጥሩ ትልቅ ትርጉም አለው። በአፍሪካም ናይሮቢና አክራ ቀድመው ካስተናገዱት ከተሞች ይጠቀሳሉ።

ስልቱ ፍሬ አልባ ወሬ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በካሊፎርኒያ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚካሄደው የኢንተርኔት ማንነት ማረጋገጫ ዓውደ ጥናት ሙሉ በሙሉ አጀንዳውን በየማለዳው የሚቀርጽ ነው። ዛሬ አንድ ሰው በአንድ የይለፍ ቃል ወደተለያዩ ድረ ገጾች እንዲገባ የሚያስችሉት የቴክኒክ ስምምነቶች በስፋት የተመከረባቸው በዚህ ጉባኤ ነው። ኢትዮጵያ በፋይዳ የዲጂታል መታወቂያ ሥራ ላይ በተሰማራችበት በዚህ ዘመን ጉዳዩ ለአገራችን ባለሙያዎችም ሩቅ አይደለም።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ ለወጣት የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ክፍት መገናኛ በመሆን ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚሰለፈው በ2003 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይስአዲስ ነው። ከዚያ በኋላም በመዲናዋ በርካታ የፈጠራና የሥራ ማበልጸጊያ ማዕከላት ተከፍተዋል። በኅዳር 2015 ዓ.ም አስራ ሰባተኛው ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በአዲስ አበባ መካሄዱም ይታወሳል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂን አጽድቆ ወደ ሥራ የገባ ሲሆን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ይፋ ሆኗል። በዚህ መርሐ ግብር ወጣቶች የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ ልማትና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርቶችን በኢንተርኔት በነጻ እንዲከታተሉ ዕድል ተፈጥሯል።

ይሁን እንጂ ሁለት ክፍተቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው መሰባሰቢያዎቹ በአብዛኛው በአዲስ አበባ መገኘታቸው ነው። ደሴ ከመዲናዋ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለአንድ የወረዳ ባለሙያ የአንድ ቀን ጉባኤ ለመካፈል መጓጓዣውና ማደሪያው ተደምሮ ቢያንስ የሦስት ቀን ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ተማሪውን ከማሳያው ጋር እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አለማገናኘቱ ነው። ሰርተፍኬት የያዘ ወጣት በዚያው ከተማ ተመሳሳይ ትምህርት የጨረሰ ሌላ ወጣት እንዳለ ላያውቅ ይችላል።

ማዕከል ብቻ የሚናገርበት የዕውቀት ማስተላለፊያ የራሱ ውስንነት እንዳለው አገራችን ልምድ አላት። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው ትምህርት በየገጠሩ ላሉ ተማሪዎች አንድ ወጥ ትምህርት ያደረሰ ቢሆንም፣ ተማሪው ያልገባውን ከማሳያው መምህር ሊጠይቅ አለመቻሉ በወቅቱ በስፋት ሲነሳ የቆየ ቅሬታ ነበር።

ከቢስቲማ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ዕውቀት

ደቡብ ወሎ ለዚህ ዓይነቱ ጉባኤ የሚሆን ሰፊ የሰው ኃይል አላት። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የሚገኙት ደሴና ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲን ሁለት ግቢዎች ይዘዋል፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚገኘው በኮምቦልቻ ነው። በዚሁ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉ ሲሆን በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ይገኛል። በእነዚህ ተቋማት የማምረቻ መሣሪያዎችን የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ የሚጠግኑ ቴክኒሻኖች በየዕለቱ የሚያገኙት ልምድ በመማሪያ መጻሕፍት የማይገኝ ነው።

ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲኬድ የአፋር ክልል አዋሳኝ የሆነው የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ቢስቲማ ትገኛለች። እንደ ቢስቲማ ባሉ የወረዳ ከተሞች የኮምፒዩተር ሙያ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የወረዳው የአይሲቲ ባለሙያ፣ የጤና ጽሕፈት ቤቱ መረጃ ሠራተኛ፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤቱ የአይሲቲ መምህርና የሞባይል ጥገና ሱቅ ያለው ወጣት የየራሳቸውን ችግር ለየብቻቸው ይታገላሉ። የጤና መረጃ ሥርዓቱ ሲቋረጥ፣ የበጀት ሶፍትዌሩ ሲበላሽ፣ ኮምፒዩተሩ በቫይረስ ሲያዝ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ የስልክ ቦርድ ሲያቃጥል የሚጠየቅ ሌላ ሰው በአቅራቢያ የለም። አንዱ በወራት ድካም ያገኘውን መፍትሔ ሌላው ወረዳ ላይ ያለው ባልደረባው እንደገና ከዜሮ ይጀምረዋል።

በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ በተከሰተው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ለሳምንታት ከእጅ ወደ እጅ መተላለፋቸውና የወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ተቋማት የመሣሪያ ዘረፋና ውድመት እንደደረሰባቸው ይታወቃል። ያ ወቅት አንድ ነገር አሳይቷል። ኮምፒዩተር ሊዘረፍ፣ ፋይል ሊጠፋ ይችላል። ከብዙ ሰው ጋር የተካፈሉት ዕውቀት ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ የተቀመጠ ዕውቀት ሰውየው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። በመሆኑም የልምድ ልውውጡ ጉዳይ የሥራ ቀጣይነት ጉዳይም ነው።

አካባቢው የሚያውቀው ሥርዓት

ተሳታፊ የሚመራው ጉባኤ በስሙ እንግዳ ቢመስልም በይዘቱ ግን ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ አይደለም። የቢስቲማ ጎረቤት የሆነው የአፋር ሕዝብ «ዳጉ» የሚባል ጥንታዊ የዜና መለዋወጫ ሥርዓት አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በቅደም ተከተል ይነጋገራሉ። ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሰላምና ስለ በሽታ የሚነገረው ዜና ትክክለኛ መሆን አለበት። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ይለያል፤ ሰሚውም የማዳመጥና ለሚቀጥለው ሰው የማስተላለፍ ግዴታ አለበት። በዚህ ሥርዓት ተመልካች ብቻ የሚሆን ሰው የለም።

በወሎ ደግሞ በሌላው የአገራችን ክፍል ዕድር የሚባለው ማኅበር «ቅሬ» በመባል ይታወቃል። ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በጉርብትና የሚያገናኝ ሲሆን ከቀብር ሥነ ሥርዓት ባሻገር የአካባቢው ሰው ስለ ጋራ ጉዳዩ የሚመክርበት መድረክ ነው። አባላቱ የሚሰበሰቡት ያለ አበል ነው። ቡና ላይ የሚደረገው ጨዋታም ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ስንት የጎረቤት ጉዳይ እንደሚፈታ ነዋሪው ያውቀዋል። ኦዌን ከአንድ ዓመት ድካም በኋላ በዕረፍት ሰዓት ያገኙት ትምህርት በየመንደሩ በየቀኑ የሚፈጸም ነው።

አንድ ቀን እንዴት ይካሄዳል?

ለምሳሌ ያህል ስድሳ ባለሙያዎች በአንድ ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ ቅዳሜ ቀን ተገናኙ እንበል። የሚያስፈልገው አንድ ሰፊ ክፍልና አራት መማሪያ ክፍሎች፣ ወንበሮች፣ ትልልቅ ወረቀቶች፣ ማርከርና ፕላስተር ነው። ጠዋት ሁሉም በክብ ይቀመጣል። አወያዩ ደንቡን በአስር ደቂቃ ያስረዳል። በግድግዳው ላይ ባዶ ሠንጠረዥ ይለጠፋል፤ ወደ ታች ሰዓቶቹ፣ ወደ ጎን ክፍሎቹ ይጻፋሉ።

ከዚያ ርዕስ ያለው ተሳታፊ ተነስቶ ርዕሱንና ስሙን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ በሠንጠረዡ ባዶ ሣጥን ላይ ይለጥፋል። ርዕስ ለማቅረብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ «ይህን ችግር መፍታት አቅቶኛል» የሚልም ርዕስ ነው። ተመሳሳይ ርዕሶች ባለቤቶቻቸው ከተስማሙ ይጣመራሉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የዕለቱ ፕሮግራም ይጠናቀቃል።

እያንዳንዱ ውይይት 45 ደቂቃ ቢሰጠውና በአራቱ ክፍሎች አምስት ዙር ቢካሄድ ሃያ ርዕሶች ይነሳሉ። በተለመደው አካሄድ በዚያው ቀን ሊቀርቡ የሚችሉት አምስት ወይም ስድስት ጽሑፎች ናቸው። በየክፍሉ አሥራ አምስት ሰው ገደማ ስለሚቀመጥ ዓይን አፋር የሆነውም ለመናገር ይደፍራል። ኮምፒዩተርና ፕሮጀክተር ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖር፣ ኢንተርኔትም ቢቋረጥ ጉባኤው አይስተጓጎልም። ማምሻውን ሁሉም ወደ ክቡ ተመልሶ ያገኘውንና ሊሠራው ያሰበውን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

የአሠራሩ ድክመቶች

ስልቱ እንከን የለሽ አይደለም። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጆ ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዳስገነዘቡት መዋቅር የለንም የሚሉ ስብስቦች በእርግጥ መዋቅር አልባ አይሆኑም። መዋቅሩ የማይታይ ስለሚሆን አስቀድመው የሚተዋወቁና ድምፃቸው የሚሰማ ጥቂቶች ይመሩታል። በክፍት ጉባኤም አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሰዓቱን ሊወስድ፣ ሴት ባለሙያዎችና ጀማሪዎች ዳር ሊይዙ ይችላሉ። በአገራችን ደግሞ ታላቅን ማክበር የኖረ ባህል በመሆኑ አለቃው በተናገሩበት ጉዳይ ሠራተኛው የተለየ ሐሳብ ለማቅረብ ይቸገራል። የሁለት እግር ሕግም ቢሆን በእኛ ዘንድ ንግግር አቋርጦ መውጣት እንደ ንቀት ስለሚቆጠር ከጅምሩ በግልጽ ካልተነገረ ሥራ ላይ አይውልም።

ለእነዚህ ችግሮች የተሞከሩ መፍትሔዎች አሉ። የሥራ ኃላፊዎች በማዕረጋቸው ሳይሆን በስማቸውና በሙያቸው ብቻ ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ማድረግ፣ የመናገር ዕድል በክቡ ዙሪያ በተራ እንዲዞር ማድረግ፣ የመጀመሪያዎቹን ርዕሶች ለሴቶችና ለአዲስ መጤዎች መተው ጥቂቶቹ ናቸው። ሌላው ድክመት የሰነድ ጉዳይ ነው። ጽሑፍ ስለማይቀርብ የተባለው ሁሉ በዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በየክፍሉ አንድ ማስታወሻ ያዥ ተመድቦ ችግሩን፣ የተጠቆመውን መፍትሔና ማን በተግባር እንደሞከረው በአንድ ገጽ እንዲያሰፍር ያስፈልጋል። በዳጉ ሥርዓት ያየነውን ከሰማነው የመለየቱ ልማድ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ከዚህም ሌላ ስልቱ ለሁሉም ጉዳይ አይሆንም። በጀት ለማጽደቅ፣ መመሪያ ለማስተላለፍ ወይም አዲስ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማስተዋወቅ የተለመደው ስብሰባና ሥልጠና የተሻለ ነው። ክፍት ጉባኤ የሚያስፈልገው ዕውቀቱ በብዙ ሰዎች እጅ ተበታትኖ ሲገኝና አንድ መልስ ሰጪ በሌለበት ጊዜ ነው።

አበልና የምስክር ወረቀት

በአገራችን ይህን መሰል ጉባኤ ለማስፋፋት ዋነኛው ፈተና የገንዘብ እጥረት ሳይሆን ስብሰባ ከውሎ አበል ጋር ተያይዞ መታየቱ ነው። አበል በማይከፈልበት፣ የምስክር ወረቀት በማይሰጥበትና የክብር እንግዳ በማይገኝበት ጉባኤ ማን ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከቢስቲማ ወደ ደሴ ለሚመጣ ዝቅተኛ ደመወዝተኛ የትራንስፖርት ወጪው ቀላል አይደለም። ስለሆነም ጉባኤውን በየተራ በየከተማው ማካሄድ፣ ምሳን በመዋጮ ማዘጋጀትና መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የአንድ ቀን ፈቃድና የመጓጓዣ ወጪ እንዲሸፍኑ ማድረግ የሚሻል አማራጭ ይሆናል።

ተሳታፊውን የሚያመጣው ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገባ የሚጠቅመውን ነገር ይዞ የመመለሱ ተስፋ ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው ቴክኒሻን የኃይል መዋዠቅ መሣሪያ እንዳያቃጥል የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለቢስቲማው የሞባይል ጠጋኝ ሊያካፍለው ይችላል። ጠጋኙም ጥቃቅን የቦርድ ክፍሎችን በእጅ የመበየድ ብልሃቱን ለኮሌጁ ተማሪዎች ያሳያል። የዩኒቨርሲቲው መምህር በበኩላቸው የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን የየዕለት ችግር በመስማት ለተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ርዕስ ያገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ዞን ውስጥ የሚኖሩ ቢሆንም በተለመደው ጉባኤ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚነጋገሩበት አጋጣሚ እምብዛም የለም።

የቴክኖሎጂ መሠረተ ልማት መዘርጋትና ሥልጠና መስጠት ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው። ባለሙያዎች ያላቸውን ዕውቀት እርስ በርስ እንዲካፈሉ ማድረግ ግን ለጅምሩ የሚያስፈልገው አንድ ቅዳሜ፣ ጥቂት መማሪያ ክፍሎችና በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ባዶ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን የሚሞሉት ደግሞ ዕውቀቱ በእጃቸው ያለው ባለሙያዎች ራሳቸው ናቸው።